ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር፦ ሆርሞኖች ስለ መካንነት ሕክምና ውጤት ምን ይነግሩናል?

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አዳራሽ ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ

እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ መውጫ ሰዓት የታክሲ ሰልፍ ጋር ታግላችሁ እዚህ ስለደረሳችሁ አመሰግናለሁ። አንዳንዶቻችሁ ከትዳር አጋራችሁ ጋር፣ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ለብቻችሁ መጥታችኋል። ለብቻው የመጣ ሰው ዛሬ ማታ ቤቱ ገብቶ የሚያወራው ነገር እንዲኖረው አድርጌ ለመናገር እሞክራለሁ።

በሠርግ ዕለት ሽማግሌ ተነሥቶ «ዓይናችሁን በዓይናችሁ ያሳያችሁ» ብሎ ይመርቃል። ምርቃቱ የልብ ነው። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ግን ያው ምርቃት ጥያቄ እየሆነ ይመጣል፤ በክርስትና ቤት፣ በማኅበር፣ በለቅሶ ድንኳን ሳይቀር። ጥያቄው ደግሞ ሁልጊዜ የሚወድቀው በሚስት ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከስድስት ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ መካንነት እንደሚገጥመው ገልጿል። በየሰፈሩና በየመሥሪያ ቤቱ ይህን በዝምታ የተሸከመ ሰው አለ ማለት ነው።

እኔ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም ነኝ፤ የምሠራውም በመካንነት ሕክምና ላይ ነው። ወደ ክፍሌ የሚገቡ ብዙ ሴቶች ገና ሳይቀመጡ ከቦርሳቸው አንድ የላቦራቶሪ ወረቀት ያወጣሉ። ወረቀቱ ላይ «ኤ.ኤም.ኤች.» የሚል የሆርሞን ስም (የእንቁላል ክምችት የሚገመትበት ሆርሞን ነው)፣ ከጎኑ ቁጥር፣ ከቁጥሩ ጎን ደግሞ ወደ ታች የምታመለክት ቀስት አለች። ያቺ ቀስት ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሣች ከፊታቸው ይታወቃል። ወረቀቱን የሰጣቸው ሰው ምንም አላስረዳቸውም፤ ወይም ደግሞ «እንቁላልሽ አልቋል» ብሎ ሸኝቷቸዋል። የወር አበባዋን በየወሩ ለምታይ ሴት ይህ አባባል ሐሰት ነው። የሚያደርሰው ጉዳትም ከባድ ነው፤ በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት የተበተነ ትዳር አይቻለሁ።

ዛሬ የምለው ይህ ነው። የሆርሞን ምርመራ መድኃኒቱን በምን መጠን ማዘዝ እንደሚገባና ከአንድ ዙር ሕክምና ስንት እንቁላል እንደሚጠበቅ በደንብ ይነግረናል። ልጅ ይወለዳል ወይስ አይወለድም በሚለው ላይ ግን ከሆርሞኑ ይልቅ የሴቷ ዕድሜ፣ የባል ዘር፣ የማሕፀን ቱቦዎችና የማሕፀን ጤንነት እጅግ የበለጠ ሚና አላቸው። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለይቶ የሚያውቅ ቤተሰብ ገንዘቡንም ጊዜውንም ከብክነት ያድናል።

ከእንቁላሎቹ ልጀምር። ሴት ልጅ እንቁላሏን ይዛ ነው የምትወለደው። በእናቷ ማሕፀን ሳለች፣ በአምስተኛው ወር ግድም፣ በሁለቱ የእንቁላል ማምረቻዎቿ ውስጥ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን እንቁላል ይኖራታል። ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ይቀራል። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300 ሺህ እስከ 400 ሺህ፣ ስታርጥ ደግሞ አንድ ሺህ ገደማ ነው። በሕይወቷ ሙሉ በስሎ የሚወጣው ከ400 እስከ 500 የሚሆነው ብቻ ነው፤ የተቀረው በራሱ ጊዜ እየከሰመ ያልቃል። ብታገባም ባታገባም፣ የእርግዝና መከላከያ ብትወስድም ባትወስድም ይከስማል። «ልጄ በመከላከያ እንክብል ነው እንቁላሏን የጨረሰችው» የሚሉኝ እናቶች አሉ። እናቶቼ፣ እንክብሉ እንቁላል አይጨርስም። በዚህ ምክንያት ልጃችሁን አትውቀሷት።

እያንዳንዱ እንቁላል ፎሊክል በሚባል ትንሽ ከረጢት ውስጥ ነው ያለው። ከረጢቶቹ በየጊዜው በቡድን ማደግ ይጀምራሉ፤ አድገው እንቁላል ለመልቀቅ እስኪደርሱም ወራት ይወስድባቸዋል። ኤ.ኤም.ኤች. የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም የሚለቅቁት በዚህ ዕድገት ላይ ያሉት ትናንሾቹ ከረጢቶች ናቸው። ብዙ ከረጢት ካለ ሆርሞኑ ይበዛል፤ ጥቂት ካለ ያንሳል። በአልትራሳውንድ ደግሞ ከ2 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሆኑትን ከረጢቶች በዓይን መቁጠር ይቻላል። ሁለቱ ምርመራዎች በአብዛኛው ይስማማሉ።

የዚህ ሆርሞን ታሪክ የሚጀምረው ከወንድ ጽንስ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ዮሐንስ ሙለር እ.ኤ.አ. በ1830 በጽንስ ውስጥ ያሉ ሁለት ቱቦዎችን ገለጸ፤ ዛሬም በስሙ ይጠራሉ። በሴት ጽንስ ማሕፀንና የማሕፀን ቱቦዎች የሚሠሩት ከእነዚህ ነው። በወንድ ጽንስ ግን ይጠፋሉ። ምን ያጠፋቸዋል? ፈረንሳዊው አልፍሬድ ዦስት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በጥንቸል ጽንሶች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ከወንድ የዘር ፍሬ ማምረቻ የሚወጣና ከወንድ ሆርሞኑ ከቴስቶስትሮን የተለየ ነገር እንደሚያጠፋቸው አሳየ። ያ ነገር ኤ.ኤም.ኤች. ነው። በወንድ ልጅ አካል ማሕፀን እንዳይሠራ የሚከለክለው ሆርሞን፣ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ የሴትን የእንቁላል ክምችት ለመገመት ከሁሉ የተሻለ መለኪያ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ሙያ ስቆይ እንዲህ የሚያስደንቀኝ ነገር ጥቂት ነው።

ምርመራው ምቹ ነው። የወር አበባ ቀን መጠበቅ አያስፈልገውም፤ በጾም ያለችም ሆነች በልታ የመጣች ሴት ደሟን መስጠት ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ባለሙያዎች ባወጡት ምደባ ከ1.2 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በታች የሆነ ዝቅተኛ ይባላል። ከ3.5 ገደማ በላይ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ከልክ በላይ ሊሠራ ስለሚችል ጥንቃቄ ይጠይቃል።

አሁን ሁለት ሴቶችን እናስብ። አንዷ 29 ዓመቷ ነው፤ ኤ.ኤም.ኤች.ዋ 0.6 ነው፤ ወረቀቷ ላይ ቀስቷ ወደ ታች ትጠቁማለች። ሁለተኛዋ 41 ዓመቷ ነው፤ የእርሷ 3 ነው፤ ወረቀቷ ላይ ምንም ቀስት የለም። ሁለቱም ከአካል ውጭ የሚደረገውን የጽንስ ሕክምና፣ አይ.ቪ.ኤፍ. የምንለውን፣ ጀመሩ። ከመጀመሪያዋ ሦስት ወይም አራት እንቁላል ብቻ ሊወጣ ይችላል፤ ከሁለተኛዋ አሥር ወይም ከዚያ በላይ። ቤተሰብ ቢጠየቅ ሁለተኛዋ የተሻለ ዕድል አላት ይላል። ነገር ግን እንቁላል በዕድሜ ብዛት ክሮሞሶሞቹን በትክክል መከፋፈል እያቃተው ይሄዳል። ከ40 ዓመት በኋላ ከሚገኙት ጽንሶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የክሮሞሶም ጉድለት አለባቸው፤ አብዛኞቹ በማሕፀን አይቀመጡም፣ ቢቀመጡም ይወርዳሉ። የ29 ዓመቷ ሴት ጥቂት እንቁላሎች ግን የ29 ዓመት እንቁላሎች ናቸው። በአሜሪካ በየዓመቱ በሚወጣው ብሔራዊ መረጃ ከ35 ዓመት በታች ያሉ ሴቶች በአንድ ዙር እንቁላል ማውጣት ልጅ የማግኘት ዕድላቸው ግማሽ ገደማ ሲሆን፣ ከ42 ዓመት በላይ በራሳቸው እንቁላል የሚሞክሩት ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። ኤ.ኤም.ኤች. ይህን ልዩነት አያሳይም። የልደት ወረቀት ያሳያል።

ለዚህ የሚሆን አንድ ማስረጃ ሁልጊዜ እጠቅሳለሁ። ሉዊዝ ብራውን በዚህ ሕክምና በዓለም የመጀመሪያዋ ሆና እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 1978 በእንግሊዝ አገር ኦልድሃም ከተማ ተወለደች። የእናቷ ቱቦዎች ተዘግተው ነበር። ሕክምናውን የሠሩላት ሮበርት ኤድዋርድስ፣ ፓትሪክ ስቴፕቶና ጂን ፐርዲ ለእናትየዋ እንቁላል የሚያበዛ መድኃኒት አልሰጧትም፤ በተፈጥሮ የወር ዑደቷ የበሰለችውን አንዲት እንቁላል ብቻ ነው ያወጡት። ሆርሞን አልለኩም ማለት አይደለም። በሽንቷ ውስጥ ኤል.ኤች. የተባለውን ሆርሞን ቀንና ሌሊት እየተከታተሉ ነበር፤ የተከታተሉት ግን እንቁላሏ የምትለቀቅበትን ሰዓት ለማወቅ ነው። ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ለሽልማቱ ያበቃው ስኬት የመጣው በአንዲት እንቁላል ነው።

እዚህ ላይ ያላገቡ ወይም ገና መሞከር ያልጀመሩ ወጣት ሴቶች በተለይ እንዲሰሙኝ እፈልጋለሁ። በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 44 የሆኑ፣ የመካንነት ታሪክ የሌላቸው 750 ሴቶች በተፈጥሮ ለማርገዝ ሲሞክሩ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አለ። ኤ.ኤም.ኤች.ቸው ዝቅተኛ የሆኑት ሴቶች ጥሩ ቁጥር ካላቸው እኩል አረገዙ። በስድስት ዑደት ውስጥ የማርገዝ ዕድላቸው ዝቅተኛ ለሆኑት 65 ከመቶ፣ ለሌሎቹ 62 ከመቶ ነበር። ነገሩ ከተፈጥሮ ሥራ ጋር ይሄዳል፤ በአንድ ወር ለማርገዝ የምትፈለገው አንዲት እንቁላል ናት፤ መጋዘኑ ስንት እንደቀረው ለዚያ ወር ለውጥ አያመጣም። የአሜሪካ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2019 የመካንነት ችግር ለሌላት ሴት ይህ ምርመራ የመውለድ ዕድሏን ለመተንበይ ሊውል አይገባም ብሎ መክሯል። ስለዚህ ይህን ምርመራ ለወጣት ሴቶች እንደ መደበኛ የጤና ምርመራ አድርጎ መሸጥ አልደግፍም፤ በቁጥሩ ሳቢያ ተጣድፎ ትዳር መያዝን ደግሞ ፈጽሞ አልመክርም።

ኤፍ.ኤስ.ኤች. የሚባለው ከዚህ የቆየ መለኪያ ነው። ከአንጎል ሥር ካለችው የፒቱታሪ ዕጢ ይወጣና የእንቁላል ማምረቻውን «አሳድግ» ብሎ ያዛል። ከረጢቶቹ ሲያንሱ ትእዛዙ ይበረታል፤ ስለዚህ የወር አበባ በመጣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ተለክቶ ከ10 በላይ ከሆነ ክምችቱ መቀነሱን ያሳያል። ከረጢቶቹ ከሚያመነጩት የሴት ሆርሞን፣ ከኢስትራዲዮል፣ ጋር ካልተለካ ግን ያታልላል። በዚያ ቀን ኢስትራዲዮል ከፍ ካለ ኤፍ.ኤስ.ኤች.ን ወደ ታች ይጫነውና ጤነኛ መስሎ ይታያል። ኤፍ.ኤስ.ኤች. ብቻውን የተጻፈበት ወረቀት ሲመጣልኝ ከመጠቀም ይልቅ እንደገና ማስለካት እመርጣለሁ።

እስካሁን እነዚህ ቁጥሮች ምን እንደማይነግሩን ብዙ ተናግሬአለሁ። የሚነግሩን ነገር ትንሽ አይደለም። ሕክምናው ሲጀመር ከረጢቶችን የሚያሳድገው መርፌ በምን መጠን ይሰጥ የሚለው ጥያቄ የሕይወትም የገንዘብም ጥያቄ ነው። ቁጥሯ ከፍ ያለ ሴት፣ በተለይ ፒ.ሲ.ኦ.ኤስ. የሚባለው የከረጢት መብዛት ያለባት፣ ብዙ መርፌ ቢሰጣት የእንቁላል ማምረቻዎቿ ከልክ በላይ ያብጣሉ፣ ሆዷ ውኃ ይቋጥራል፣ ደሟ ይወፍራል፤ ሲከፋ የደም መርጋት ያመጣል። ኤ.ኤም.ኤች. አስቀድሞ ስለሚያስጠነቅቀን ዝቅተኛ መጠን እንሰጣታለን፤ እንቁላሉን ለማብሰል የምንሰጠውን የመጨረሻውን መርፌም እንለውጥላታለን፤ ካስፈለገም ጽንሶቹን አቀዝቅዘን ማሕፀኗ ሲያርፍ እናስገባለን። ይህ ምርመራ ሴቶችን ከአደጋ ያዳነው በዚህ መንገድ ነው፤ ሌላ ጥቅም ባይኖረው እንኳ ይህ ብቻ ዋጋውን ይከፍላል።

ዝቅተኛ ቁጥር ላላት ሴትስ? መጠኑን ብንጨምርላት ይሻላታል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። በኔዘርላንድስ ከ1,500 በላይ ሴቶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ይህን ፈተነ። ጥቂት ከረጢት ያላቸው ሴቶች ከፍ ያለ መጠን ቢወስዱም ልጅ የመውለድ ዕድላቸው አልጨመረም፤ ወጪያቸው ግን ጨመረ። ብዙ ከረጢት ያላቸውን በተመለከተ ዝቅ ያለው መጠን የልጅ ዕድላቸውን ሳይቀንስ ያንን የመነፋት አደጋ ቀነሰ። ይህ ውጤት ለእኛ አገር ትልቅ ትርጉም አለው። መርፌዎቹ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የሚገቡ ናቸው፤ አብዛኞቹ ማቀዝቀዣ ይፈልጋሉ፤ የሚከፍለው ደግሞ ቤተሰቡ ነው። መሬት ሸጦ የመጣን ሰው የማይጠቅመውን ተጨማሪ መርፌ ማስገዛት ከሕሊና ጋር አይስማማም።

እ.ኤ.አ. በ2019 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመጀመሪያው የመንግሥት የአይ.ቪ.ኤፍ. ማዕከል ተከፍቷል። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ወደ ውጭ ይሄድ ነበር፤ አቅም የሌለው ይቀር ነበር። ሕክምናው አገር ውስጥ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክሩም አብሮ እንዲያድግ ማድረግ የእኛ የሐኪሞቹ ኃላፊነት ነው።

በሕክምናው መካከልም ሆርሞን ይለካል። ማሕፀንን ለጽንስ የሚያዘጋጀው ፕሮጄስትሮን አንዱ ነው፤ እንቁላል የሚያበስለው መርፌ በሚሰጥበት ቀን ከ1.5 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ የማሕፀኑ ግድግዳ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ከጽንሱ ጋር በጊዜ ሳይገጣጠም ሊቀር ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጽንሱን አቀዝቅዞ በሌላ ወር ማስገባት። ሐኪማችሁ «በዚህ ወር አናስገባም» ቢላችሁ ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም።

ጽንሱ ከገባ በኋላ ያለው የሁለት ሳምንት ጥበቃ ከሁሉ ይከብዳል። በመጨረሻው ኤች.ሲ.ጂ. የሚባለው የእርግዝና ሆርሞን በደም ይለካል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። እንቁላል ለማብሰል የተሰጠው መርፌ ራሱ ኤች.ሲ.ጂ. ከሆነ እስከ አሥር ቀን ገደማ ደም ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ ቀኑ ሳይደርስ ቤት ውስጥ በሽንት የተደረገ ምርመራ በሐሰት «አርግዘሻል» ሊል ይችላል። ሁለተኛ፣ አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ተለክቶ ምን ያህል እንዳደገ ማየት ነው ዋናው። በጤናማ እርግዝና መጀመሪያ በሁለት ቀን እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ቀስ ብሎ የሚያድግም ጤናማ እርግዝና ግን አለ። ስለዚህ ለዘመድ ስልክ ከመደወላችሁ በፊት ሁለተኛውን ውጤት ጠብቁ።

ብዙ ሰው የማይጠይቀኝ፣ እኔ ግን ከሁሉ በፊት የማዘው የታይሮይድና የፕሮላክቲን ምርመራ ነው። ስለ ዕድል የሚተነብዩ ቁጥሮች ሁሉ ልንለውጣቸው የማንችላቸው ናቸው፤ እነዚህ ግን የሚታከሙ ናቸው። የአዮዲን እጥረትና እንቅርት በኖረበት አገራችን የታይሮይድ ዕጢ መድከም እንግዳ ነገር አይደለም፤ በርካሽ እንክብል ይስተካከላል። የጡት ወተት የሚያመጣው ሆርሞን፣ ፕሮላክቲን፣ ሲበዛ እንቁላል መውጣቱ ይቆማል፤ እርሱም መድኃኒት አለው። እነዚህ ተስተካክለው ያለ ምንም መርፌ ያረገዙ ሴቶች አሉ።

አሁን ወደዚያች ወረቀት ልመለስ፤ በዚህ ከተማ ብዙ ዕንባ የሚፈስሰው በአነባበብ ስሕተት ነውና። ኤ.ኤም.ኤች. በሁለት መስፈሪያ ይጻፋል። አንዱ ናኖግራም በሚሊ ሊትር ነው፤ ሌላው ፒኮሞል በሊትር ነው። የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው ለመቀየር በ7.14 ማባዛት ያስፈልጋል። በአንድ ላቦራቶሪ 1.4 የተባለችው ሴት በሌላው 10 ልትባል ትችላለች፤ ሆርሞኗ ግን ያው ነው። ስታዲየም አካባቢ ተለክታ፣ በወሩ ሌላ ቦታ ተለክታ «በአንድ ወር ውስጥ እንዴት ይህን ያህል ጨመረ? የጠጣሁት ነገር ሠርቶልኛል ማለት ነው» ብላ የምትደሰት አለች፤ በተቃራኒው የምትደነግጥም አለች። መስፈሪያው ተመሳሳይ ሆኖ እንኳ የምርመራ ማሽኑ የተለያየ ከሆነ ቁጥሩ ይለያያል። ስለዚህ ማወዳደር ከፈለጋችሁ በአንድ ላቦራቶሪ ተለኩ።

ሌላው ባዮቲን ነው። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ በየፋርማሲውና በየመዋቢያ ሱቁ የሚሸጠው ቫይታሚን በብዙ የሆርሞን መመርመሪያ ማሽኖች አሠራር ውስጥ ጣልቃ ይገባል። እንደ ኤ.ኤም.ኤች.፣ ኤፍ.ኤስ.ኤች. እና ኤች.ሲ.ጂ. ያሉትን በሐሰት ዝቅ ሊያደርጋቸው፣ እንደ ኢስትራዲዮልና ፕሮጄስትሮን ያሉትን ደግሞ በሐሰት ከፍ ሊያደርጋቸው ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚህ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ከምርመራ በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን አቁሙት፤ መጠኑ ከፍተኛ ከሆነ ደግሞ ሐኪማችሁን ጠይቁ። የመከላከያ እንክብልም ኤ.ኤም.ኤች.ን ለጊዜው ይቀንሳል፤ እንክብሉ ከቆመ ከጥቂት ወራት በኋላ ቁጥሩ ይመለሳል።

ስለ ወንዶች አንድም ቃል ሳልል መሄድ አልችልም። ከመካን ጥንዶች መካከል በግማሽ ገደማ በሚሆኑት የወንዱ ዘር ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደምሮ አለ። ሆኖም ሚስት በሦስት ሆስፒታል ሆርሞኗን ተለክታ፣ ቱቦዋን በራጅ ታይታ፣ ባል ግን ገና ምንም ያልተመረመረበት ብዙ ጥንድ ይመጣል። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ከኤ.ኤም.ኤች. ይረክሳል፤ መርፌም የለውም። ፈሳሹ ውስጥ ምንም ዘር ካልተገኘ ያን ጊዜ የባልየውም ሆርሞን ይለካል፤ ኤፍ.ኤስ.ኤች.ው በጣም ከፍ ካለ ማምረቻው መድከሙን፣ መደበኛ ከሆነ ደግሞ መተላለፊያው መዘጋቱን ያስጠረጥራል። ወጣት ወንድሞች ደግሞ ይህን ስሙኝ፤ ጡንቻ ለማሳደግ በጂምናዚየም የምትወጉት ቴስቶስትሮን ፒቱታሪ ዕጢን ዝም ስለሚያሰኝ ዘር ማምረቱን ሊያቆመው ይችላል። ወንድነት ይጨምራል ተብሎ የሚወሰደው መርፌ አባትነትን ይነሣል። ሲቆም ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ መመለሱ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል።

ቱቦም እንዲሁ። በእኛ ክፍለ አህጉር በጊዜ ያልታከመ የአባላዘር ኢንፌክሽንና የማሕፀን ቲቢ የዘጋቸው ቱቦዎች ዋነኛ የመካንነት ምክንያት ናቸው። ኤ.ኤም.ኤች. ስለ ቱቦ አንዳች አያውቅም። ቁጥሯ 4 የሆነች፣ «በጣም ጥሩ ነሽ» የተባለች፣ ሁለቱም ቱቦዎቿ ግን የተዘጉ ሴት በዚያ ጥሩ ቁጥር ተጽናንታ ዓመታት ልታባክን ትችላለች። ጥሩ ቁጥርም እንደ መጥፎው ሁሉ ሰውን ያሳስታል።

ጠበልና ስለትን በተመለከተ ብዙዎቻችሁ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቃችሁኛል። በቁልቢ ገብርኤል የንግሥ ቀን ሕፃን ታቅፈው ስለታቸውን የሚያደርሱ እናቶችን ሁላችንም እናውቃለን፤ እምነታቸውን አከብራለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጸሎቱና ሕክምናው አብረው ይሂዱ። የሴቷ ዕድሜ ከ35 በታች ከሆነ ከአንድ ዓመት ሙከራ በኋላ፣ ከ35 በላይ ከሆነ ከስድስት ወር በኋላ ሐኪም ዘንድ ቅረቡ። የዕድሜን ሥራ የሚመልስ መርፌ የለንም።

ከጥያቄዎቹ ጥቂቶቹን እዚህ አስፍሬአለሁ።

አንድ ወጣት የ27 ዓመት እህቱ ያላገባች ስለሆነች ትመርመር ወይ ብሎ ጠየቀ። ወንድሜ፣ እናታችሁ ወይም አክስታችሁ ከ40 ዓመት በፊት ካረጡ፣ ወይም እህትህ የካንሰር ሕክምና የሚጀመርላት ወይም የእንቁላል ማምረቻ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ከሆነ አዎን፤ በጊዜ ትመርመር፣ ከሐኪምም ጋር ትነጋገር። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ምርመራው ጭንቀት እንጂ ዕውቀት አይጨምርላትም።

አንዲት እናት «ይህን ቁጥር የሚያሳድግ ምግብ ወይም የባህል መድኃኒት የለም ወይ?» አሉ። እናቴ፣ ያለቀ እንቁላል የሚመልስ ምግብም መድኃኒትም የለም። ቁጥሩን እንጨምራለን ብለው የሚሸጡልዎት ሁሉ ከገንዘብዎ በቀር የሚቀንሱት ነገር የለም። ይልቅ ምራትዎ ፎሊክ አሲድ ትውሰድ፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ያቁም፤ ማጨስ እንቁላልን በእውነት ይጎዳልና።

በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠች እህት ተነሥታ፣ ባለቤቷ ሆስፒታል ገብቶ ናሙና መስጠት ስለሚያፍር አራት ዓመት ሙሉ የምትመረመረው እርሷ ብቻ መሆኗን ተናገረች። እህቴ፣ ሆስፒታል ውስጥ መስጠት ግዴታ አይደለም። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቅቦ፣ ከላቦራቶሪው በተሰጠው ንጹሕ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ናሙናውን መውሰድ ይችላል። ተራ ኮንዶም አይጠቀም፤ ዘሩን ይገድለዋል። ዕቃውን ከልብሱ ሥር ከሰውነቱ አስጠግቶ በሰውነት ሙቀት ይያዘው፤ ናሙናው ከተወሰደ በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። መንገዱ በሚዘጋጋበት ሰዓት ሳይሆን በጠዋት፣ ከቤታችሁ ቅርብ ወደሆነው ላቦራቶሪ ቀድማችሁ ደውላችሁ ሂዱ። ሊያደርሰው ካፈረ አንቺ አድርሺለት፤ ውጤቱን ለመስማት ግን ሁለታችሁም አብራችሁ ግቡ።